የእጮኝነት ቀለበትና የጋብቻ ቀለበት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ቀለበት ለመግዛት ወይም ለማሠራት የሚያስቡ እጮኛሞች ዘወትር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ሁሉ ከአንድ አቋም የሚነሡ ናቸው፤ ሁለቱ ቀለበቶች በተለያየ ጊዜ ቢገዙም አስቀድመው አንድ ላይ ሊታሰቡ ይገባል፤ ዕድሜ ልክ ከጣት የማይወልቀው የጋብቻው ቀለበት ስለሆነም ምርጫው ከእርሱ ቢጀምር ይሻላል።

በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

የእጮኝነት ቀለበት ወንዱ የጋብቻ ጥያቄ ሲያቀርብ ወይም ጥንዶቹ በቤተሰብ ፊት ቃል ሲገባቡ ለሴቷ የሚጠለቅላት፣ አብዛኛውን ጊዜ ፈርጥ ያለው ቀለበት ነው። የጋብቻ ቀለበት ደግሞ ሙሽራውና ሙሽራዪቱ በሠርጋቸው ዕለት አንዱ ለሌላው የሚያጠልቁት፣ ጥንድ ሆኖ የሚሠራና ብዙ ጊዜ ፈርጥ የሌለው ልሙጥ ቀለበት ነው። አንዳንድ ጥንዶች ለሁለቱም በአንድ ቀለበት ይጠቀማሉ። በቀለበት ሥነ ሥርዓታቸው ላይ ያደረጉትን ልሙጥ ወርቅ ለሠርጉ ዕለት አውልቀው በካህን ወይም በፓስተር ፊት እንደገና ያጠልቁታል። ይህ ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም አቅምን ላገናዘበ ሰው ተገቢ ምርጫ ነው።

በባህላችን የእጮኝነት ቀለበት ነበር ወይ?

መተጫጨትን ያጸና የነበረው ቀለበት ሳይሆን ሽምግልና ነው። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ የተላኩት አባቶች የመጡበትን ጉዳይ ቆመው ያቀርባሉ፤ እሺታ ሳያገኙ አንቀመጥም ማለታቸውም የወጉ አካል ነው። የሴቷ ቤተሰብ «እንመክርበታለን» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ጉዳዩ እልባት የሚያገኘው ከስንት ምልልስ በኋላ ነው። ወርቁ የሚመጣው ዘግየት ብሎ በጥሎሽ ነው፤ ሚዜዎች ጥሎሹን ይዘው ይቀርቡና ቀሚሱን፣ ሐብሉን፣ ጉትቻውንና ቀለበቱን አንድ በአንድ እያነሡ ለተሰበሰበው ቤተሰብ ያሳያሉ። ስለዚህ ቀለበት በባህላችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር ከሽምግልና በፊት በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ መሰጠቱ ነው።

ዛሬ በከተማና በውጭ አገር የሚኖሩ ጥንዶች ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ያደርጋሉ። ወንዱ ተንበርክኮ ይጠይቃል፤ ሽማግሌ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች እርስ በርስ አይጣሉም፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሳይላክ ልጃቸው ቀለበት አድርጋ በፌስቡክ ስትታይ ቅር የሚላቸው ወላጆች ዛሬም አሉና ፎቶግራፉን ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

ታዲያ ባለ አልማዙ ቀለበት ከየት መጣ?

በጥንታዊት ሮም ለታጨች ሴት የብረት ቀለበት ይላክላት እንደነበር በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፕሊኒ ጽፎታል። አልማዝን በተመለከተ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው የኦስትሪያው መስፍን ማክሲሚሊያን በ1477 እ.ኤ.አ. ለቡርጎኝዋ ማርያም የሰጠው ቀለበት ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን አልማዝ ለብዙ መቶ ዓመታት የነገሥታትና የመኳንንት ጌጥ ሆኖ ቆየ። ይህን የለወጠው በ1860ዎቹ መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ አልማዝ መገኘቱና ኪምበርሌይ ውስጥ በስፋት መቆፈሩ ነው። ኒውዮርክ የሚገኘው ቲፋኒ የተባለው ጌጣጌጥ ቤት ድንጋዩን በስድስት ጥፍሮች ከቀለበቱ ከፍ አድርጎ የሚይዘውን አሠራር በ1886 አወጣ፤ ዛሬ «የእጮኝነት ቀለበት» ሲባል በብዙዎች ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ይህ ቅርጽ ነው።

ቀሪውን የሠራው ማስታወቂያ ነው። ዲ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ በ1947 እ.ኤ.አ. «አልማዝ ለዘለዓለም ነው» የሚለውን መፈክር በአሜሪካ ይዞ ተነሣ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥም አልማዝ የሌለው ቀለበት የጎደለ መስሎ እንዲታይ ማድረግ ቻለ። ይህን ማወቅ አልማዝ ለመጥላት ምክንያት አይሆንም፤ አልማዝ መግዛት ግዴታ ነው ብሎ የሚጨነቀውን ሰው ግን ሊያሳርፈው ይገባል።

በሃይማኖት ሥርዓት የቀለበት ቦታ ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሥርዓተ ተክሊል ጊዜ ካህኑ የሙሽሮቹን ቀለበት ይባርካል፤ ሙሽሮቹ ካባ ይለብሳሉ፣ ቅብዓ ቅዱስ ይቀባሉ፣ አክሊል ይደፋሉ፣ ሥርዓቱም በቅዱስ ቁርባን ይፈጸማል። እዚህ ላይ የሚፈለገው የቃል ኪዳኑ ቀለበት እንጂ ባለ ፈርጡ የእጮኝነት ቀለበት አይደለም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ሙሽሮቹ ቃል ኪዳን ሲገባቡ ቀለበት የመለዋወጥ ልማድ የተለመደ ነው።

በእስልምና ኒካሕ (የጋብቻ ውሉ) የሚፈጸመው ያለ ቀለበት ነው፤ ግዴታው መህር፣ ማለትም ሙሽራው ለሙሽራዪቱ የሚሰጠው ስጦታ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ መህር የሚሆን ነገር ላጣ ሰው «የብረት ቀለበትም ቢሆን ፈልግ» ማለታቸው በሐዲስ የታወቀ ነውና ቀለበቱ ራሱ መህር ሊሆን ይችላል። ለወንድ ወርቅ ማድረግ ስለማይፈቀድ ሙስሊም ሙሽሮች ለራሳቸው የብር ቀለበት ያሠራሉ። ባለቤቶቻቸው ወርቅ፣ እነርሱ ብር ሲያደርጉ ቅርጹንና ስፋቱን ማመሳሰል ጥንድነቱን ይጠብቃል።

በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን በረቢዎች ሥርዓት ሲጋቡ የሚጠየቀው ቀለበት ፈርጥ የሌለው፣ የሙሽራው የራሱ ንብረት የሆነ ልሙጥ ቀለበት ነው፤ ፈርጥ የማይደረግበትም ዋጋው ለሙሽራዪቱ ግልጽ እንዲሆን ነው። በሥርዓቱ ጊዜ የሚጠለቀው በቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት ላይ ሲሆን ከዚያ በኋላ ወደ ወደደችው ጣት ታዛውረዋለች። ለዚህ ሥርዓት ፈርጥ ያለበትን ቀለበት ይዞ የሚቀርብ ሙሽራ በሠርጉ ድንኳን ሥር ሆኖ ልሙጥ ቀለበት ፍለጋ እንዳይንከራተት አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ቀለበት ማድረግ በሕግ ጋብቻ ነው ወይ?

አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። በሦስቱም ቀለበት መኖሩ ወይም አለመኖሩ ለጋብቻው መጽናት ምክንያት አይሆንም።

በየትኛው እጅና በየትኛው ቅደም ተከተል ይደረጋሉ?

በኢትዮጵያ ከተሞች በአብዛኛው የሚታየው የግራ እጅ የቀለበት ጣት ነው። በግሪክ፣ በሩሲያና በፖላንድ የጋብቻ ቀለበት በቀኝ እጅ ይደረጋል፤ በጀርመንም የእጮኝነቱ በግራ፣ የጋብቻው በቀኝ ማድረግ የተለመደ ስለሆነ በፍራንክፈርት ወይም በበርሊን የሚኖሩ ጥንዶች ከጎረቤቶቻቸው ሲለዩ ማስተዋላቸው አይቀርም። ከግራው ጣት ወደ ልብ በቀጥታ የሚሄድ የደም ሥር አለ የሚለው ጥንታዊ እምነት ውብ ቢሆንም በሰውነታችን ውስጥ እንዲህ ያለ የተለየ ሥር የለም።

ሁለቱ በአንድ ጣት ሲደረጉ የጋብቻው ቀለበት ወደ መዳፍ ቀርቦ ከሥር፣ የእጮኝነቱ ከላይ ይሆናል። ስለዚህ ሙሽራዪቱ በሠርጉ ዕለት ጠዋት የእጮኝነት ቀለበቷን ወደ ቀኝ እጇ ታዛውረዋለች፤ የጋብቻው ከተጠለቀላት በኋላ መልሳ ከላዩ ታደርገዋለች። ለአንደኛዋ ሚዜ አደራ መስጠትም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በሠርግ ቀን ግርግር በሰው እጅ ካለ ቀለበት በራስ ጣት ላይ ያለው የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ሁለቱ ቀለበቶች እንዲስማሙ ምን መታየት አለበት?

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ክፍተቱ ነው። የእጮኝነት ቀለበቱ ፈርጥ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ወይም ዙሪያውን በትናንሽ ድንጋዮች የተከበበ ከሆነ ቀጥ ያለ የጋብቻ ቀለበት ከሥሩ ሊገባ አይችልም፤ ድንጋዩ ይገፋውና በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱን የሚወዱት ሰዎች አሉ። የማትወደው ግን ወርቅ አንጥረኛው የጋብቻ ቀለበቷን በፈርጡ ልክ ጎበጥ አድርጎ እንዲሠራላት ማዘዝ ትችላለች፤ ይህን ስታደርግ ቀለበቱ ለብቻው ሲደረግ ጎባጣነቱ እንደሚታይ ማወቅ አለባት። ከሁሉ የሚሻለው የእጮኝነት ቀለበቱን ስትመርጡ ልሙጥ የጋብቻ ቀለበት አብሮ አስቀርቦ ሁለቱን በአንድ ጣት አጥልቆ ማየት ነው። ከላይ ሳይሆን ከጎን ተመልከቱ፤ ጥሩ የተስማሙ ቀለበቶች በመካከላቸው የጤፍ ፍሬ አያሳልፉም። ከዚያ እጃችሁን ጨብጡ፤ የፈርጡ ጥፍር ጎረቤት ጣትን የሚወጋ ከሆነ በሱቁ ውስጥ ያልተመቸ ቀለበት በቤት አይመችም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥንካሬ ነው። ጎን ለጎን የሚደረጉ ቀለበቶች ቀን ከሌሊት ይፋተጋሉ። ካራት የወርቅ ንጽሕና ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወርቁ ይጠነክራል። የእጮኝነቱ 14 ካራት፣ የጋብቻው 21 ካራት ቢሆን ጠንካራው ለስላሳውን እየበላው ከዓመታት በኋላ የጋብቻው ቀለበት በአንድ ወገኑ ይሳሳል። ሁለቱም በተመሳሳይ ካራት ቢሠሩ ይመረጣል። ዙሪያውን ሙሉ በአልማዝ የተሞላ የጋብቻ ቀለበትም እንዲሁ አጠገቡ ያለውን ወርቅ ይፍቃል፤ ከዚህም በላይ ድንጋይ ያልተሰካበት ቦታ ስለሌለው ሊሰፋም ሊጠብም ያስቸግራል። ድንጋዮቹ ግማሽ ዙሩን ብቻ ቢይዙ ከሥር ለማስተካከያ የሚሆን ባዶ ወርቅ ይቀራል።

ስፋትንም ማሰብ ያስፈልጋል። ለብቻው የሚበቃ ቀለበት ሌላ ሲደረብበት የሚሸፍነው የጣት ክፍል ስለሚሰፋ ጥብቅ ይላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲደመሩ ከአምስት ሚሊ ሜትር የሚበልጡ ከሆነ ልኩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይረዳል። የወርቁ ቀለም የግድ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ቢጫና ነጭ ወርቅ አብሮ ማድረግ ያምራል፤ የሚያስጠላው አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ተፈልጎ ሳይገጥሙ የቀሩ ሁለት ቢጫዎች ናቸው።

ስንት ካራት ይመረጣል?

24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ለዕለት ተዕለት ቀለበት ግን እጅግ ለስላሳ ነው። 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት 75 በመቶ፣ 14 ካራት ደግሞ 58.5 በመቶ ወርቅ አለው፤ በውስጡ 875፣ 750 ወይም 585 የሚል ማኅተም ይፈለጋል። ከዓረብ አገር የሚመጣው ወርቅ ብዙውን ጊዜ ከሳዑዲ 21፣ ከዱባይ 22 ካራት ነው። ለልሙጥ ቀለበት 21 ካራት ደኅና ነው። ፈርጥ ላለበት ግን 18 ካራት ይሻላል፤ ምክንያቱም ድንጋዩን የሚይዙት ቀጫጭን ጥፍሮች በለስላሳ ወርቅ ሲሠሩ በቀላሉ ይጣመማሉ፤ ድንጋዩም ሳይታወቅ ይወድቃል።

ወርቅ ቤት ሲገባ ዋጋው በግራም ተሰልቶ የእጅ ዋጋ እንደሚጨመርበት ማወቅ ያሻል። የግራሙንና የእጅ ዋጋውን ለይቶ መጠየቅ፣ ፈርጥ ካለበትም የድንጋዩ ክብደት በወርቅ ሒሳብ እንዳይገባ ማረጋገጥ የገዢው ፋንታ ነው።

ነጭ ወርቅ የሚያብረቀርቀው በላዩ በተቀባው ሮዲየም በተባለ ነጭ ብረት ነው፤ ሮዲየሙ ሲያልቅ ወደ ቢጫነት ያዘነብላል፤ እንደገና ማስቀባት ይጠይቃል። ለወንዶች በብዛት የሚሸጠው የተንግስተን ቀለበት በቀላሉ አይጫርም፤ ነገር ግን ሊሰፋም ሊጠብም አይችልም።

የኢትዮጵያን የከበሩ ድንጋዮች ለእጮኝነት ቀለበት መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል፤ ከአልማዝ ይልቅ የራስ የሆነ ነገር ለሚፈልጉ ጥንዶችም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን የድንጋዮቹ ጠባይ የተለያየ ነው። በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፋት የሚወጣው ኦፓል በውስጡ የሚጫወቱት ቀለማት በዓለም ገበያ ስም አሰጥተውታል፤ ሆኖም ከ1 እስከ 10 በሚሄደው በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ብቻ ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ስለሆነ ኦፓልን በአቧራማ ጨርቅ መወልወል ብቻውን ይጭረዋል። በተጨማሪም የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ ሊያሳይ ይችላል፤ ሲደርቅ ግን ይመለሳል። ሳሙናና ዘይት ሲመጥጥ የሚያመጣው ጉዳት ግን ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ኦፓል የምትፈልግ ሰው ዙሪያውን በወርቅ ከንፈር ታሳቅፈው፤ እጅ ለመታጠብና ምግብ ለማብሰልም ታውልቀው።

በጉጂ ሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8 ጥንካሬ አለው፤ ይሁን እንጂ በውስጡ የተፈጥሮ ስንጥቆች ስለሚኖሩ ድንገተኛ ምትን አይወድም። በትግራይ አክሱም አካባቢ የሚገኘው ሳፋየር ጥንካሬው 9 ሲሆን ከአልማዝ ቀጥሎ ለዕለት ተዕለት ቀለበት የሚስማማው እርሱ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ሳፋየር በቢጫ ወርቅ ላይ ምን ያህል እንደሚያምር በሥዕል ሳይሆን በጣት ላይ አይቶ መፍረድ ይሻላል።

በላቦራቶሪ የተሠራ አልማዝ እውነተኛ ነው?

አዎን፤ በኬሚካላዊ ይዘቱም በጥንካሬውም ከማዕድኑ አልማዝ አይለይም። የሚለየው በዋጋ ነው፤ ሲገዛ በጣም ይረክሳል፣ ሲሸጥ ግን የሚያወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። ዚርኮን ወይም ሞይሳናይት ግን ሌላ ድንጋይ ስለሆነ አልማዝ ተብሎ ሊሸጥ አይገባም። ውድ ድንጋይ ሲገዛ የአሜሪካው ጂአይኤ ወይም ሌላ የታወቀ ተቋም የምስክር ወረቀት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለእጮኝነት ቀለበት ምን ያህል ማውጣት ይገባል?

የሁለት ወር ደመወዝ የሚለው ልክ የመጣው ከአልማዝ ሻጮች ማስታወቂያ እንጂ ከማንም ባህል አይደለም። በእኛ ዘንድ ሠርጉ ራሱ፣ ጥሎሹና መልሱ ወጪ አላቸው። ከዕቁብ የወጣውን ገንዘብ በሙሉ ለአንድ ድንጋይ ከማዋል ጥሩ ጥንድ የጋብቻ ቀለበት አሠርቶ ፈርጡን ለአምስተኛው ዓመት ማቆየት ብልኅነት ነው።

እጮኛዬ አገር ቤት ናት፤ ልኳን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ጣትን በክር ለክቶ መላክ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ክር ይሳባል፣ መገጣጠሚያውንም አይቆጥርም። ከሁሉ የሚሻለው እህቷ ወይም ጓደኛዋ በዚያው ጣት የምታደርገውን ቀለበት ወስዳ የውስጥ ስፋቱን በሚሊ ሜትር እንድታስለካ ማድረግ ነው። 17.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት በአሜሪካ ልክ 7 ይባላል፤ ዙሪያውን በሚሊ ሜትር በሚቆጥሩት የአውሮፓ አገሮች ደግሞ 54 ይሆናል። ልኩ የሚወሰደው ቀትር ካለፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠዋትና በብርድ ጣት ይቀጥናል።

በቀለበቱ ውስጥ ምን ይጻፋል?

የተለመደው የባልን ስም በሚስት፣ የሚስትን ስም በባል ቀለበት ውስጥ ከሠርጉ ቀን ጋር ማስቀረጽ ነው። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ ግን ከአንጥረኛው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጋቡ ጥንዶች «18/5/17» ቢያስቀርጹ በውጭ የተወለዱ ልጆቻቸው ግንቦት ወር ነው ብለው ሊያነቡት ይችላሉ፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 ነው። «ጥር» የሚለውን ወር በፊደል ማስጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ረጅም ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ቀለበቱን ሰፋ አድርጎ ያሠራ፤ በሁለት ሚሊ ሜትር ላይ የግእዝ ፊደል ሲቀረጽ «ሰ» እና «ስ» አይለዩም።

መተጫጨቱ ቢፈርስ ቀለበቱ ለማን ነው?

በሽምግልና የተጀመረ ጉዳይ በሽምግልና ይቋጫል፤ ሽማግሌዎቹም ብዙውን ጊዜ ያፈረሰው ወገን ማን እንደሆነ ያያሉ። በአሜሪካ ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ጥፋቱ የማንም ይሁን ጋብቻው ካልተፈጸመ ቀለበቱ ለሰጪው ይመለሳል ብሎ ወስኗል፤ በሞንታና ደግሞ ቀለበቱ እንደ ማናቸውም ስጦታ የተቀባዪዋ ነው።

በየቀኑ ሲደረጉ እንዴት ይያዛሉ?

ሊጥ ሲቦካና ቅቤ ሲነጠር ቀለበት ይውለቅ፤ ስቡ በፈርጡ ሥር ገብቶ ሲደርቅ ድንጋዩን ያደበዝዘዋል። በረኪና ከዚህ የከፋ ነው፤ በውስጡ ያለው ክሎሪን ከወርቁ ጋር የተቀላቀሉትን ሌሎች ብረቶች ስለሚያጠቃ ቀለበቱን በተለይም በተበየደበት ቦታ ያሳሳዋል። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከሥር በኩል ማጠብ ለአልማዝና ለሳፋየር ይበቃል፤ ለኦፓል ግን አይሆንም። በዓመት አንድ ጊዜ ቀለበቱን ወደ ጆሮ አቅርቦ በጣት መታ መታ ማድረግ ጠቃሚ ነው፤ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከተሰማ ጥፍሩ ላልቷልና ድንጋዩ ሳይወድቅ ወደ አንጥረኛ ይወሰድ። በእርግዝና ወራት ጣት ሲያብጥ ደግሞ ቀለበቱን በግድ ከማቆየት በጊዜ አውልቆ በሐብል ማንጠልጠል ይሻላል፤ የጠበበ ቀለበት ሆስፒታል ውስጥ የሚወልቀው በመቁረጫ ነው።